ሰዓቷ ይመዘገባል፤ ጤናዋስ?

የበቆጂ ማለዳ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠችው ይህች የአርሲ ከተማ ጭጋጉ ሳይገፈፍ በታዳጊዎች ኮቴ ትነቃለች። ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር ተሰልፈው ይወጣሉ። አንዷ የወንድሟን ቱታ እጅጌውን ጠቅልላ ለብሳለች፤ የሌላዋ ጫማ ሶሉ አልቆ ጠጠሩ ይሰማታል። ዳገቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ ሲደርሱ አሰልጣኙ ሰዓቱን ይዞ ይጠብቃቸዋል። እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ቁጥር ይጠራል፤ ልጆቹም ቁጥሩን በቃላቸው ይይዙታል።

ከዚህች አነስተኛ ከተማና ከዙሪያዋ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ እጅጋየሁ ዲባባ፣ ገንዘቤ ዲባባና ቲኪ ገላና ወጥተዋል። የአካባቢው የስፖርት መምህር የነበረው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ብዙዎቹን ከትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አንስቶ ለውድድር አብቅቷል። ዛሬም በአሰላ፣ በሱሉልታ፣ በደብረ ብርሃን፣ በማይጨው በየማለዳው የሚሮጡት ልጃገረዶች የእነዚህን ሴቶች ስም እየጠሩ ነው የሚያድጉት።

አንዲት የ15 ዓመት ሯጭ በቀን ውስጥ ብዙ ትጠየቃለች። ስንት ዙር ሮጥሽ? በስንት ደቂቃ ገባሽ? ክለብ አገኘሽ ወይ? ማናጀር አይቶሻል? «ቁርስ በልተሻል? የወር አበባሽ በመጨረሻ የመጣው መቼ ነው? ቅልጥምሽን ማመም ከጀመረሽ ስንት ቀን ሆነ?» የሚላት ግን እምብዛም አይገኝም። ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ታዳጊዎች ገና 20 ዓመት ሳይሞላቸው ከሜዳ የሚጠፉበት አንዱ ምክንያትም እነዚህ ጥያቄዎች ሳይነሱ መቅረታቸው ነው።

ሁለት የተሳሳቱ ወሬዎች

ስለ ሴት ልጅና ስለ ሩጫ ሁለት ወሬዎች ይወራሉ። የመጀመሪያው የመንደር ወሬ ነው፦ «ሴት ልጅ ከሮጠች ማህፀኗ ይበላሻል፣ አትወልድም።» ሁለተኛው በሯጮች መካከል ይነገራል፦ «የወር አበባ ከቆመ ሰውነት ለውድድር ደረሰ ማለት ነው።» አንዱ ከስፖርት ያርቃታል፣ ሌላው በስፖርት ውስጥ ሳለች ይጎዳታል። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ለመጀመሪያው ወሬ ከደራርቱ ቱሉ ሕይወት የተሻለ መልስ አይገኝም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1992 በባርሴሎና ሞንጁዊክ ስታዲየም የ20 ዓመቷ ደራርቱ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኢላና ሜየር ጀርባ ተጣብቃ ብዙ ዙር ሮጠች። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ጥላት ሄደች፤ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ በማጥለቅም በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ሲዞሩ የታየው ምስል ዛሬም አልተረሳም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅማል። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ሴት ልጅ ወለደች። በ2000 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች፤ በዚያው ዓመት በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር 30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ ገብታ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ዳግም ወርቅ ወሰደች። በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ሩጫ ማህፀን የሚያበላሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

የኢትዮጵያ ሴት ሯጮች ውጤትም በደራርቱ አላበቃም። ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 በቤጂንግ 5 ሺህንም 10 ሺህንም ጠቀለለች። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የነበረውን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ዝቅ አደረገችው። ትዕግሥት ከዚያ በፊት የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ በሪዮ ኦሊምፒክም በዚሁ ርቀት ተሳትፋለች። ከመካከለኛ ርቀት ወደ ማራቶን ያደረሳት መንገድ ዓመታት የፈጀ ነው። የዚህ ዓይነት ረጅም የሩጫ ዘመን የሚገኘው በወጣትነት ዓመታት ካልተሰበረ ሰውነት ነው።

ሰውነት ሲቆጥብ

ሁለተኛው ወሬ ጠለቅ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

አንዲት ልጅ በቀን ከምትበላው ምግብ የምታገኘው ጉልበት በሁለት ይከፈላል። አንዱ በልምምዱ ይቃጠላል፤ የቀረው ልብ እንዲመታ፣ አንጎል እንዲሠራ፣ አጥንት እንዲያድግ፣ ቁስል እንዲድን፣ የወር አበባም በጊዜው እንዲመጣ ያገለግላል። ልምምዱ ሲበዛና ምግቡ ሳይጨምር ሲቀር የሚተርፈው ያንሳል። ያኔ ሰውነት ደሞዝ ያነሰበት ቤተሰብ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ዛሬ ባይከፈል ቤቱን የማያፈርሰውን ወጪ ያቆማል። ልብና ሳንባ አይቆሙም። መውለድ ግን ሊቆይ ይችላልና አንጎል ወደ እንቁላል ማምረቻው (ኦቫሪ) የሚልከውን መልእክት ይቀንሳል። የወር አበባ ይዛባል፣ ከዚያም ይቆማል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። እንቁላል ማምረቻው የሚያመነጨው ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን አጥንትን ይጠብቃል። እሱ ሲያንስ አጥንት ይሳሳል። ሴት ልጅ የአጥንቷን ክምችት በብዛት የምትሠራው ደግሞ በጉርምስና ዓመታት ነው፤ ለአዋቂነት ከሚያስፈልጋት የአጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉን አጥንቷ በፍጥነት በሚዳብርባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ታከማቻለች፣ 20 ዓመት ሲሞላት አብዛኛው ተጠናቋል። በእነዚያ ዓመታት ያልገባው በኋላ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ለዚህ ነው ሌሊት የሚያም ቅልጥም፣ «ትንሽ ቆርጦኝ ነው» የምትለው የእግር ጣት ሥር ሕመም ብዙ ጊዜ የአጥንት መሰንጠቅ ሆኖ የሚገኘው።

የስፖርት ሐኪሞች ይህን ሲያጠኑ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የምግብ ማነስን፣ የወር አበባ መቆምንና የአጥንት መሳሳትን እንደ ሦስት የተያያዙ ችግሮች አይተው «የሴት አትሌቶች ሦስትዮሽ» አሉት። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ጉዳዩን አስፍቶ ሬድ-ኤስ (በስፖርት አንጻራዊ የጉልበት እጥረት) የሚል መጠሪያ ሰጠው፤ የጉልበት እጥረቱ ልብን፣ የበሽታ መከላከያን፣ ስሜትንና እድገትን እንደሚነካ፣ ወንዶችንም እንደማይምር አስታወቀ። መለኪያውም ተቀምጧል፦ ከልምምድ በኋላ የሚተርፈው ጉልበት ከስብ ውጭ ላለው የሰውነት ክብደት በኪሎ ግራም በቀን ከ30 ኪሎ ካሎሪ ሲያንስ አደጋው ይጨምራል፤ 45 አካባቢ ሲሆን ሰውነት ሥራውን በአግባቡ ይሠራል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን የአሜሪካዊቷን ሜሪ ኬይንን ታሪክ እንይ። ሜሪ በ2013 ገና በ17 ዓመቷ በሞስኮው የዓለም ሻምፒዮና በ1 ሺህ 500 ሜትር ለፍጻሜ ደረሰች። በዚያው ዓመት በአሠልጣኝ አልቤርቶ ሳላዛር ወደሚመራው የናይኪ ኦሬገን ፕሮጀክት ገባች። በ2019 ለኒውዮርክ ታይምስ በሰጠችው ምስክርነት ክብደቷን እንድትቀንስ ያለማቋረጥ ጫና እንደተደረገባት፣ የወር አበባዋ ለሦስት ዓመት እንደጠፋና አምስት አጥንቶቿ እንደተሰበሩ ተናገረች። ገንዘብ፣ ቤተ ሙከራና ዘመናዊ መሣሪያ በሞላበት ቦታ ነው ይህ የሆነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ልጅቷን ከሰዓቷ አስበልጦ የሚያይ ሰው መኖሩ ነው።

ሐኪሞች የሚሰጡት መመሪያ ቀላል ነው። የ15 ዓመት ልጅ የወር አበባ ገና ካላየች፣ ወይም ታይ የነበረች ልጅ ለሦስት ወር ካልመጣላት መመርመር አለባት። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ምግብ መጨመርና ልምምድ መቀነስ ነው። የእርግዝና መከላከያ እንክብል ወስዶ ደም እንዲፈስ ማድረግ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አጥንቱን አይጠግነውም።

ደሙ ሲሳሳ

ሌላው ዝምተኛ ጠላት ደም ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 15 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ሲያስፈልጋት እኩያዋ ወንድ 11 ይበቃዋል። ልዩነቱ በየወሩ ከሚፈሰው ደም የመጣ ነው።

በከፍታ ቦታ መኖር ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ ለዚያ ደግሞ ብረት ያስፈልጋል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ደግሞ ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ስለሚጨምር አንጀት ብረት መምጠጡ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ልጅቷ ከልምምድ ተመልሳ ቡና ወይም ሻይ ከጠጣች ከምግቧ የምታገኘው ይበልጥ ያንሳል። ጤፍ ብረት አለው፤ ግን በእህል ውስጥ ያለ ብረት ከሥጋ ውስጥ እንዳለው በቀላሉ አይመጠጥም። የሊጡ መቦካት ትንሽ ይረዳል። ሽሮውና ምስሩ አጠገብ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለ ደግሞ የበለጠ ይረዳል፤ ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት ማራቅም እንዲሁ።

የጾም ጉዳይ በጥንቃቄ የሚነሳ ነው። ክርስቲያኗ ታዳጊ ዓቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ሙስሊሟ ረመዳንን ትጾማለች፤ ሁለቱም በዚያ ወቅት ልምምዱን አያቋርጡም። ጾሙን ተዉት ማለት የማንም ሥራ አይደለም። አሰልጣኙ የልምምዱን ክብደትና ሰዓት እንደ ጾሙ ማስተካከል፣ ቤተሰብም የጾሙን ማዕድ በሽምብራ፣ በምስር፣ በባቄላ፣ በለውዝና በሱፍ ማጠንከር ይችላሉ። አካሏ የደከመ ልጅ ደግሞ ከሃይማኖት አባቷ ጋር ብትመካከር ነውር የለውም።

ድካሙ ሲበዛ ብዙዎች ሐኪም ዘንድ ሳይሆን ፋርማሲ ይሄዳሉ። «ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ተነሳሁ» የሚል ወሬ በሯጮች ሰፈር እንግዳ አይደለም። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ግን ከሆስፒታል ሕክምና ውጭ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽን ይከለክላል። ይህን የማታውቅ ታዳጊ ጤናዋንም ሥራዋንም በአንድ ቀን ልታጣ ትችላለች። የብረት እንክብልም ቢሆን ያለ ደም ምርመራ አይወሰድም፤ ሲበዛ ይጎዳል።

ሞዴስ የሌላት ሯጭ

ነጭ ቁምጣ የለበሰች የ14 ዓመት ልጅ ወንዶች በሞሉበት ሜዳ ላይ የወር አበባዋ ድንገት ቢመጣ ምን ታደርጋለች? ብዙዎቹ «ሆዴን አመመኝ» ብለው ይወጣሉ። ከዚያ በየወሩ ጥቂት ቀን ይቀራሉ። አሰልጣኙ «ሰነፍ ሆነች» ይላል፤ ወንድ ስለሆነ እሷም ምክንያቱን አትነግረውም።

የዚህ ችግር ግማሹ የገንዘብ፣ ግማሹ የኀፍረት ነው። በመቐለ የሚታጠብና ደጋግሞ የሚያገለግል ሞዴስ ፋብሪካ ያቋቋሙት ፍረወይኒ መብራህቱ ለሁለቱም ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ማርያም ሰባ የተባለው ፋብሪካቸው ምርቱን ከማቅረብ ጋር በየትምህርት ቤቱ ስለ ወር አበባ በግልጽ እንዲወራ አድርጓል፤ እሳቸውም በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ተመርጠዋል። ሩቅ ያለ የሥልጠና ጣቢያ ይህን ሥራ በትንሹ ሊኮርጀው ይችላል። የሚዘጋ በር ያለው መጸዳጃ፣ ውኃ፣ በቁም ሳጥን የተቀመጠ ጥቂት ሞዴስና ጥቁር ቁምጣ ያስፈልጋሉ። አንዲት ሴት ረዳት አሰልጣኝም ትኑር። ከእነዚህ ውስጥ የፌዴሬሽን በጀት የሚጠብቅ እምብዛም የለም።

ጉልበት ይጠበቃል

ከሩጫ ወደ እግር ኳስ ስንሻገር፣ ሴት ልጅ ኳስ ስትጫወት የምትሰማው ማስፈራሪያ ስለ ጉልበቷ ነው። በዚህ በኩል ስጋቱ መሠረት አለው። ሲዞሩና ሲዘሉ የሚበጠሰው የጉልበት ጅማት በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ይበዛል። በጉርምስና ወቅት ዳሌ ይሰፋል፣ እግር ይረዝማል፤ ጡንቻው ግን በዚያው ፍጥነት አይጠነክርም።

መከላከያው ግን ይታወቃል። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1 ሺህ 892 ሴት ተጫዋቾች ላይ በተደረገና በ2008 በወጣ ጥናት 20 ደቂቃ የሚፈጅ የማሟሟቂያ ልምምድ አጠቃላይ ጉዳትን በሲሶ ገደማ፣ ከባድ ጉዳትን ደግሞ ወደ ግማሽ ቀነሰ። ዛሬ ፊፋ 11+ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ልምምድ በአንድ እግር መቆምን፣ ዘሎ ጉልበትን አጥፎ ማረፍን፣ የሆድና የጭን ጡንቻን ማጠንከርን ያስተምራል። ምንም መሣሪያ አይፈልግም። «ሉሲዎቹ» የሚባለውን የሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ልንቀላቀል የሚሉ ታዳጊዎች በየሰፈሩ አሉ፤ በ2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲበቁ ተስፋቸው ጨምሯል። የእነዚህ ልጆች ጉልበት ለ20 ደቂቃ ልምምድ ጊዜ በሌለው አሰልጣኝ እጅ መውደቅ የለበትም።

ከሜዳ ውጭ ያለው አደጋ

የልጃገረድ ጤና በምግብና በጅማት አያልቅም። ቀደም ሲል በተጠቀሰው የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። ሕጉ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ካደረገ ቆይቷል። ለብዙ ልጃገረዶች ሩጫ ከዚህ ማምለጫ ሆኗል፤ «ልጄ ትሮጣለች» የሚል አባት ሽማግሌ ሲላክበት የሚመልሰው ምክንያት ያገኛል።

ማምለጫውም ግን የራሱ ወጥመድ አለው። የ16 ዓመት ልጅ ከቤተሰቧ ርቃ ካምፕ ስትገባ ምግቧ፣ መኝታዋ፣ ፓስፖርቷ፣ ውድድሯ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ሊወድቅ ይችላል። ጎረቤታችን ኬንያ የዚህን ጫፍ አይታለች። አግነስ ቲሮፕ በመስከረም 2021 በሴቶች ብቻ ውድድር የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ከወር ገደማ በኋላ ቤቷ ውስጥ ተገድላ ተገኘች፣ በግድያው የተከሰሰው ባሏ ነው። በ2024 ደግሞ ዩጋንዳዊቷ ሬቤካ ቼፕቴጌይ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን በሮጠች በሳምንታት ውስጥ የቀድሞ የፍቅር ጓደኛዋ እዚያው ኬንያ ውስጥ ቤንዚን አርከፍክፎ ባነደደው እሳት ሞተች። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ የሴቷ ገቢና ንብረት ጥያቄ ነበረ። ከቲሮፕ ሞት በኋላ በስሟ የተቋቋመው ድርጅት ወጣት ሴት ሯጮች ጥቃትን እንዲያውቁና እንዲናገሩ ይሠራል። በእኛ አገርም የልጅቷ የባንክ ሒሳብ በስሟ መሆኑ፣ ውሏን ከመፈረሟ በፊት የሚያነብላት ሰው መኖሩ፣ አሰልጣኟን የምትከስበት ቦታ ማወቋ የጤና ጉዳይ ነው።

ምን ይደረግ?

ስፖርት ለልጃገረዶች መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለታዳጊዎች በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እ.ኤ.አ. የ2016 መረጃ ግን በዓለም ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጃገረዶች 85 በመቶው፣ ከወንዶች ደግሞ 78 በመቶው ይህን እንደማያሟሉ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአዲስ አበባ በየዓመቱ የሚካሄደው የቅድሚያ ለሴቶች 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ መንገዱን በሴቶች ሲሞላው የሚታየው ደስታ የዚህን ጥቅም ይመሰክራል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ልጆቻችሁን ከሜዳ አስቀሩ አይልም።

አሰልጣኝ ሆይ፣ ሰዓት የምትጽፍበት ደብተር ላይ አንድ ዓምድ ጨምር። የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን ራሷ ወይም ሴት ረዳትህ ትሙላ፤ ሦስት ወር ባዶ ከሆነ ልምምዱን ቀንሰህ ወደ ጤና ጣቢያ ላካት። ክብደቷን በጓደኞቿ ፊት አትመዝን፣ «ወፍረሻል» አትበላት። አንድ ቦታ ላይ የጸና የአጥንት ሕመም ካላት አታሩጣት። ወላጅ ሆይ፣ ልምምድ ለምትሄድ ልጅ በሶ ወይም ቆሎ ቋጥርላት፣ ከተመለሰችም ቶሎ አብላት፤ ከወንድሟ ያነሰ ሰሃን አትስጣት። ክለቦችና ፌዴሬሽኖች ደግሞ ከታዳጊ ሴቶች ጋር የሚሠራ ቡድን ያለ ሴት አሰልጣኝ ወይም ያለ ሴት የጤና ባለሙያ እንዳይቋቋም በደንብ ይወስኑ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ምርመራም ይሁን።

አንቺ ታዳጊዋ ሯጭ ደግሞ ይህን ያዢ። የወር አበባሽ መጥፋት የጥንካሬሽ ምልክት አይደለም፤ ሰውነትሽ «አልበላሁም» እያለሽ ነው። ተናገሪ፣ ብዪ፣ ተመርመሪ። ደራርቱ ከመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቋ እስከ ኒውዮርክ ድሏ 17 ዓመት ሮጣለች። ያን ያህል የሚያስሮጥ አጥንት የሚሠራው አሁን ባለሽበት ዕድሜ ነው።